ወጡን ተዪው፣ ቁሌቱን አስቀምጪ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ገና ኬጂ ናት። እኔ ቢሮ ነው የምሠራው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ማታም ያስተምራል። ቤት ስገባ 12 ሰዓት ያልፋል። ሠራተኛዬ ትዳር ይዛ ከሄደች ወዲህ ሌላ አላገኘሁም። አንዲት ጓደኛዬ ‹እሑድ የሳምንቱን ሠርተሽ ፍሪዘር ውስጥ ብትከቺው ትገላገያለሽ› አለችኝ፤ ሰማኋት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ዶሮ ወጥ፣ ምስር፣ ድንች በሥጋ አልጫ፣ ቀይ ወጥና ፓስታ በስጎ ሠራሁ። ትኩስ እንዳለ በትልልቅ የአይስክሬም ዕቃ እየሞላሁ ፍሪጁ አናት ላይ ባለችው ፍሪዘር ደረደርኩት። ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ረቡዕ ከሰዓት መጣ። ሐሙስ አልጫውን ባወጣው ድንቹ አሸዋ አሸዋ ይላል። የዶሮው እንቁላል ጎማ ሆኗል። ቀይ ወጡ መሐሉ ኮምጥጧል። ባለቤቴ ዳሩን ዳሩን ምንም ሳይል በላ። አማቴ ግን ያን ሰሞን ከአጋሮ መጥተው ነበርና ‹ልጄን የከረመ ወጥ ታበዪዋለሽ?› አሉኝ። ግማሹን ደፍቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ይሄ ነገር በእኛ ምግብ ይሆናል ወይስ የፈረንጅ ነገር ነው? የሚሆን ከሆነ የትኛው? መብራቱንስ ምን ላድርገው? ዲፕ ፍሪዘር ልግዛ? አንድ ነጭ ዕቃ ደግሞ እስካሁን ከሥር አለ፤ ምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፣ መጣሉ አሳዝኖኝ ትቼዋለሁ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልሽ። በሁለተኛው ቆጠርኩ፦ ባለቤትሽ ሁለት ቦታ ላይ አለ፣ አንዴ ሲያስተምር፣ አንዴ ሲበላ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በእኛ ምግብ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። ጓደኛሽ ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ። የሳምንቱን ምግብ አብስሎ ማስቀመጥ የተለመደው ምግቡ በትሪ ተጋግሮ፣ ከፍሪዘር ወጥቶ እንደገና ምድጃ ውስጥ በሚገባበት አገር ነው። የእኛ ወጥ ሌላ ነው። ማታ ደክሞሽ ስትገቢ ጊዜሽን የሚበላው ምስሩ አይደለም፣ ሥጋውም አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። መላጡ፣ መክተፉ፣ ከዚያ ቆሞ ማቁላላቱ። የምስር ክክ ከፈላ ውሃ ከገባ በኋላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ሽሮ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ወጡን ጨርሰሽ አታስቀምጪ፣ ቁሌቱን አስቀምጪ። ዛሬ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ሥር ነው።

አስቀድመን ግን የሞተውን እንመርምር።

ቀይ ወጡ የኮመጠጠው በመብራቱ ብቻ አይመስለኝም። ትኩስ ወጥ በትልቅ ዕቃ ሞልተሽ ስታስገቢ ዳር ዳሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ግን ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል። በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚፋፋበት ነው። አምስት ትልልቅ ትኩስ ዕቃ አንድ ላይ ሲገባባት ደግሞ ያቺ ትንሽ ፍሪዘር ራሷ ትሞቃለች፤ ያን ሁሉ ሙቀት የምታወጣበት አቅም የላትም። ማክሰኞ ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ የቀይ ወጥሽ መሐል ገና በረዶ አልሆነም ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። መሐሉ ድረስ ጠጥሮ ቢሆን ኖሮ እስከ ረቡዕ ከሰዓት ምንም አይሆንም ነበር።

ድንቹ የራሱ ጠባይ ነው፣ አንቺ አላጠፋሽም። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰባብረዋል፣ ሲቀልጥ ውሃው ለብቻው ይፈሳል፣ የቀረው አሸዋ ይሆናል። ድንች ያለበት አልጫ ፍሪዘር አይግባ፤ ግድ ከሆነ ድንቹን ለይተሽ፣ በሚበላበት ቀን ቀቅለሽ ጨምሪበት። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ስለሚሆን ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላሉ ይቀመጣል፣ እንቁላሉ በዕለቱ ይቀቀላል። ፓስታ ከስጎው ጋር ተደባልቆ ይላሽቃል። ስጎው ለብቻው ከሆነ ግን ከማንኛውም ነገር የተሻለ ይቀመጣል፤ ልጆችሽ ፓስታ የሚወዱ ከሆነ ቲማቲም በረከሰ ጊዜ አንድ ትልቅ ድስት ስጎ ሥሪና ከፋፍለሽ አስገቢ።

አሁን ወደ ቁሌቱ። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያዢ። ሐሙስ ሄርማታ የሚገበይ ዘመድ ካለሽ አስገዢ፤ አንገቱ የደረቀውንና ሲጫኑት የማይላላውን። የእኛ አገር ዝናብ እንደምታውቂው ነው፤ ክረምት ላይ ሽንኩርት በጆንያ ገዝቶ ማስቀመጥ ለመበስበስና ለመብቀል ነው። ሽንኩርት ርካሽ በሆነ ሳምንት ቁሌት አድርጎ ማስቀመጥ ለዚህም ይጠቅማል።

ክተፊው እንጂ በብሌንደር አትፍጪው። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን ሁሉ ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ወጡ መጨረሻ ላይ የጥሬ ሽንኩርት ሽታ ያመጣል። ክትፉን ለሁለት ድስት ክፈዪው። አንድ ድስት አፍ እስከ ገደፉ ከሞላሽ ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ሁለቱንም ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ጣጂ፣ እየመጣሽ አማስዪ። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ያ ውሃው ነው። ውሃው ተኖ ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ቸስ ማለት ይጀምራል፣ ማማሰያውም ከሥር ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ዘይት የሚገባው ያኔ ነው። እኔ ለአምስት ኪሎው በጠቅላላ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል እጠቀማለሁ፤ አንቺ በቤትሽ ልክ አድርጊው።

አንዱን ድስት በርበሬ ጨምሪበት። ሌላውን ለአልጫ ነጩን ተዪው፣ እርድ በኋላም ይደርሳል። የበርበሬው ድስት ላይ አትቸኩዪ፤ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየሰጠሽው ሠላሳ አርባ ደቂቃ ይቁላላ፣ በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ አይበስልም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን መጨረሻው አካባቢ ጨምሪ። መድረሱን ዘይቱ ይነግርሻል፤ ዳር ዳሩን ቀይ ሆኖ ሲተፋ አውርጂ።

ቅቤ አትጨምሪበት። መከለሻም አታድርጊበት። መከለሻ ፍሪዘር ውስጥ ሲከርም ሽታው ይሞታል፣ ስለዚህ በዕለቱ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይነስነስ። የቅቤው ምክንያት ሌላ ነው፣ እሱን በራሴ ደርሶ ነው ያወቅኩት። ድሮ ቁሌቴን በቅቤና ያለ ቅቤ ሁለት ዓይነት አደርግ ነበር፣ ምንም ሳልጽፍበት፤ በመልኩ አውቀዋለሁ ብዬ። በፍልሰታ ጾም አክስቴ መጡብኝ፤ ጾም አጥባቂ ናቸው። ከፍሪዘር አንዱን ላስቲክ መዝዤ ፈጥኜ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ በራሴም ኮራሁ። እንጀራው ላይ ሳወጣው ሽታው ከእኔ ቀድሞ ደረሳቸው። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡና «ውሃ ስጪኝ ልጄ» አሉ። ያን ቀን የበሉት እንጀራ በአዋዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የእኔ ቁሌት በሙሉ የጾም ነው፤ ቅቤ የሚፈልግ ቀን ድስቱ ላይ ይጨመራል። እያንዳንዱ ላስቲክ ላይም ፕላስተር ለጥፌ እጽፋለሁ፦ ምን እንደሆነ፣ ቀኑን፣ ከጎኑ «ጾም» ወይም «ፍስክ»። ፕላስተሩን ላስቲኩ ደረቅ ሳለ፣ ከመሙላትሽ በፊት ለጥፊው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አይይዝልሽም። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አለሽ አይደል፣ ጽሕፈቱ የእሱ ሥራ ይሁን።

ማቀዝቀዙ ላይ ነው ባለፈው የተሸነፍሽው፣ እዚህ ላይ ረጋ በዪ። ቁሌቱን ከድስቱ ወደ ሰፊ ትሪ ገልብጪና በስሱ ዘርጊው። ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ላይ አስቀምጪ፤ ውሃው ሲሞቅ ለውጪው። እንዲህ ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር መግባት አለበት፤ «ይብረድ» ተብሎ ከድስቱ ጋር የሚያድረው ነው ሰው የሚያሳምመው። ሲበርድ ጥሩ ማሸጊያ ባለው የምግብ ላስቲክ ሁለት ሁለት ጭልፋ አድርጊ። ጥቁር ፌስታል ለምግብ አይሁን። አየሩን በእጅሽ አስወጪና አሽገሽ ጠፍጥፊው፣ እንደ ደብተር ስስ ይሁን። በረዶ ሲሆን እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን ታቆሚዋለሽ። አንድ የአይስክሬም ዕቃ የሚይዘው ቦታ ላይ አራት አምስት ላስቲክ ይቆማል። እኔ ቤት ከአምስት ኪሎ አሥር፣ አሥራ ሁለት ይወጣኛል። የአንቺ ፍሪዘር ትንሽ ስለሆነች ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጫኛት፤ አራቱን ማታ፣ የቀረውን ፍሪጅ አሳድረሽ ጠዋት አስገቢ።

ስስ መሆኑ የሚጠቅምሽ ማታ ስትገቢ ነው። ሳታቀልጪ ላስቲኩን ውሃ አስነክተሽ፣ እንደ ቸኮሌት ቆራርሰሽ ድስት ውስጥ። ልብስሽን እስክትለውጪ ቀልጦ ዘይቱን መትፋት ይጀምራል። ውሃ አፍልተሽ ምስሩን ብትጨምሪ 1 ሰዓት ሳይሞላ ትበያላችሁ። ያኛው ሳምንት እሑድን ሙሉ ቆመሽ የሠራሽው፣ ይሄኛው የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ይሄዳል፣ ያውም ወጡ የዕለት ወጥ ነው።

ከቁሌቱ ሌላ፣ በዚሁ መንገድ ጊዜ የሚበላውን ብቻ ቀድሞ መሥራት ይቻላል። ድፍን ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ አድሮ ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ጠንፎ ይቀመጣል። ጎመን ሲረክስ ሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ አስነክተሽ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተሽ፣ ጨምቀሽ በጭብጥ በጭብጥ አስቀምጪ። ፎሶሊያና ካሮትም እንደዚሁ። ጥቅል ጎመን ግን ተዪው፣ ይልሞሰሞሳል። ሥጋ በአንድ ጊዜ ከገዛሽ ለአንድ ማዕድ የሚሆነውን እየለካሽ ለያዪው፤ ሁለት ኪሎ አንድ ላይ ተጣብቆ በረዶ ከሆነ በኋላ በመጥረቢያ ካልሆነ አይለያይም። የወጡን ሥጋ ቀድመሽ ቀቅለሽ ከነመረቁ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ፈሳሽ ነገር በዕቃ ስታደርጊ ከአፉ ሁለት ጣት አጉድዪ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ ጠርሙስ ከሆነ ይፈነዳል፣ ክዳኑን የሚገፋውም ይሄ ነው።

ጥሬ ሥጋውን ስታቀልጪ ከዋዜማው ማታ ወደ ፍሪጁ ታችኛ መደብ አውርጂው፣ ከሥሩ ሳህን አድርጊለት። ጠዋት ጓዳ አውጥተሽ ትተሽው ብትሄዪ ማታ 12 ሰዓት ስትመለሺ ላዩ ቀኑን ሙሉ ሞቆ ነው የምታገኚው። በነገራችን ላይ «ፍሪዘር የገባ ሥጋ ጀርሙ ስለሞተ ለክትፎ ይሆናል» የሚል ነገር እሰማለሁ። የኮሶ ትል እንቁላል የሚሉት፣ ሥጋው ውስጥ ያለው ፍሬ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ አሥር ቀን ከቆየ መሞቱ እውነት ነው። ባክቴሪያ ግን በበረዶ አይሞትም፤ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነሳል። ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ ለጥብስና ለወጥ ነው።

ለልጆች ምሳ ዕቃ፣ የጎረቤቴን ዘዴ ልስጥሽ። ሮመዳን ሳይገባ ሳምቡሳ በመቶ ትጠቀልላለች። ጥሬውን፣ ሳይነካካ ትሪ ላይ ደርድራ ፍሪዘር ታስገባዋለች፤ ሲጠጥር ሰብስባ በአንድ ላስቲክ ትከተዋለች። እንዲህ ስለሆነ አይጣበቅም፣ ስድስት ቢፈልጉ ስድስት ይወጣል። ሲጠበስ አይቀልጥም፤ ከነበረዶው፣ መካከለኛ እሳት ላይ ባለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከቀለጠ ሊጡ ይርስና ይቀደዳል። ሥጋም ምስርም ውስጡ የሚገባው በስሎና በርዶ ነው። ጠዋት ልጆቹ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚወጡ ከሆነ፣ አንዷ ጫማ ስታስር አራት ሳምቡሳ ይደርሳል። ድፎ ዳቦም ቆራርጠሽ ብታስቀምጪ ማታ የምታወጪው ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ያድራል።

አቮካዶን ደግሞ የጅማ ሰው ሆነን ካላነሳነው ነውር ነው። አንድ ሰሞን ዛፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርስና መሬት ላይ ይረግፋል፣ ጎረቤት በባልዲ ያመጣልሻል፣ በሦስት ቀን ይጠቁራል። ልጠሽ፣ ሎሚ ጨምቀሽበት፣ ጨፍልቀሽ በላስቲክ ጠፍጥፊው። ለሰላጣ አይሆንም፤ ለጭማቂ ግን ወራት ይቆያል። ሎሚው እንዳይጠቁር ነው።

እንጀራ ይሆናል፤ አንድ አንዱን አጥፈሽ አየር እንዳይነካው በላስቲክ መጠቅለል ነው። ግን በአንቺ ፍሪዘር ቦታ ይፈጃል። እንጀራ የተረፈሽ ጊዜ ድርቆሽ አድርጊው።

ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከሆነ ቁሌትም የበሰለ ወጥም ሁለት ሦስት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ፍሪጁ ውስጥ ያለ የበሰለ ምግብ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ቀን አይለፍ። ሲሞቅ ለብ ማለት አይበቃም፤ መሐሉ ድረስ ይንተክተክ። አንዴ የሞቀውን መልሰሽ ፍሪዘር አታስገቢ፤ ሁለት ጭልፋ ሁለት ጭልፋ ያልኩሽም ለዚህ ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ማብራትና ማጥፋቱ በእጃችን አይደለም፣ በሩ ግን በእጃችን ነው። በረዶ ያደረገ፣ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይይዛል። ግማሽ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት። ፍሪጁ ግን አራት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ «እስቲ ልይ» እያሉ መክፈት ነው የሚያበላሸው፤ ልጆቹን አስጠንቅቂ። ባዶ ቦታ ካለ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙዪው፣ ከአፉ አጉድለሽ። የሞላ ነገር ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ መብራቱ ጠፍቶ ቢቆይ ጠርሙሶቹን ወደ ፍሪጁ ታወርጃቸዋለሽ።

አንድ ኩባያ ውሃ ደግሞ በረዶ አድርጊና አናቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጪ። ከዚያ ፍሪዘሩ ጥግ ይቀመጥ። ለቅሶ ሄደሽ ወይም አጋሮ አድረሽ ብትመለሺ እያንዳንዱ ላስቲክ እንደገና በረዶ ሆኖ ስለምታገኚው መሐል ላይ ምን እንደሆነ አታውቂም። ሳንቲሙ ያውቃል። አናቱ ላይ ካለ ምንም አልቀለጠም። ኩባያው ሥር ገብቶ ከጠጠረ ሁሉም ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል፣ አትብሉት። መሐል ላይ ካገኘሽው ግን ትንሽ ነው የላላው፤ መብራት እንደመጣ ደርሰሽ ምግቡ ውስጥ ገና የበረዶ ፍሬ ካለ እንደገና ይጠጥር፣ ቶሎ ግን ይበላ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሶኬቱን ነቅለሽ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪው።

አማትሽ። ቅር አትሰኚባቸው። ያን ቀን ያዩት በእርግጥም የኮመጠጠ ወጥ ነበር፣ ባይናገሩ ይገርመኝ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ከአጋሮ ሲመጡ ምን ይዘው መጡ? ገምቼ ልንገርሽ፦ የነጠረ ቅቤ፣ የተዘጋጀ ሽሮ፣ ምናልባት ቋንጣ። ሁሉም ለሚመጣው ወር ተብሎ የተሠራ ነው። ቀድሞ መሥራትን የተማርነው ከእሳቸው ነው፤ ከፍሪዘሩ ጋር ነው ያልተዋወቁት። ይህን ግን እንደ ክርክር አታንሺባቸው። በሚቀጥለው ሲመጡ ቅዳሜ ቁሌቱን አብራችሁ ሥሩ። «እማዬ፣ በርበሬው በቃው?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ አውቀሽም ቢሆን ጠይቂ። ሰኞ ማታ ላስቲኩን ፊታቸው አውጪው። ቅቤና መከለሻውን የሚጨምሩት እሳቸው ይሁኑ። ራሳቸው ያቁላሉትን የከረመ ሊሉት አይችሉም፣ ቢሉም ስቀው ነው።

ባለቤትሽ ደግሞ። ማታ ያስተምራል ብለሻል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ያስተምራል አላልሽኝም። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ለሁለት ሰው ደግሞ አንድ ስኒ ቡና የሚፈላበት ጊዜ ነው። «ብታግዘኝ» አትበዪው፣ ያቺ ቃል ሥራውን የአንቺ አድርጋ ታስቀራለች። ሁለተኛ ቢላ ግዢና ጀበናው አጠገብ አስቀምጪለት። ሽንኩርት መላጥ ወንድ አያስለቅስም የሚል ካለ እኔ አይቻለሁ፣ ያስለቅሳል።

ዲፕ ፍሪዘሩን አሁን አትግዢ። ሦስት ወር በዚችው ሥሪ። የቆሙት ላስቲኮች በእውነት አልበቃ ካሉሽ፣ ያኔ ትንሹን ከነስታቢላይዘሩ አስቢ። ትልቅ ፍሪዘር የገዛ ሰው ሁሉ ሥሩ ላይ የማያውቀው ነገር አለው፤ አንቺ በትንሿም ጀምረሻል።

ያ ነጭ ዕቃ፦ የዚያ እሑድ ከሆነ፣ ትኩስ የገባ ነው፣ ያንንም ሌሊት አሳልፏል። ምን እንደነበረ ለማወቅ ብለሽ አትቅመሺው። ዛሬ ማታ አውጥተሽ ከነክዳኑ ባልዲ ውስጥ አስቀምጪው፣ ነገ ሲላቀቅ ድፊው። ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢና ለጎመኑ አድርጊው፣ ፕላስተሩን ግን መጀመሪያ ለጥፊ።